ጸጥ ባለ ቦታ

ሣባ ዘርአጽዮን ቀኑን ሙሉ የምታወራው ጆሯቸው ከደከመ ሰዎች ጋር ነው። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ደህና የሚሰማ ጆሮ አለ፤ የራሷ። የሚያናግራት ሰው ግን የለም።

የምትሠራው አትላስ አካባቢ፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ ነው። የሰው ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ ትለካለች፤ ባቄላ የምታክለውን መሣሪያ መርጣ በኮምፒውተር ታስተካክላለች፤ በመጨረሻም አጠቃቀሙን ታስረዳለች። መለካቱንና ማስተካከሉን እንደሷ የሚችልበት ብዙ የለም። ማስረዳቱ ላይ ነው ጉዱ።

ሙያውን የተማረችው ሕንድ አገር ነበር። ስትመለስ ዕውቀቱን ከነቃሉ ጠቅልላ ይዛው መጣች። «አክላማታይዜሽን ፔሬድ» ትላለች፤ ጆሮ መሣሪያውን እስኪለምድ ያለውን ጊዜ ማለቷ ነው። «ሎው ኖይዝ ኢንቫይሮመንት» ትላለች። ይህን የምትለው ደግሞ አብዛኞቹ የልጅ ልጅ ላዩ፣ ፊደል ቆጥረው የማያውቁም ላሉባቸው አዛውንቶች ነው። ክፋት የለባትም፤ ትዕቢትም አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው አገር ብቻዋን ያጠናቻቸው ቃላት ናቸው። ከዚያ ይዛው የመጣችው ወዳጅ አለ ከተባለ እነሱው ናቸው።

የቤቱ ባለቤት አቶ ተስፉ ይህን አነጋገሯን ይወዱላታል። «ሰው የገባውን ነገር ይከራከርበታል፤ ያልገባውን ያከብራል» ይላሉ ሻይ እያማሰሉ። አልተሳሳቱም፤ ደንበኞቹ ያከብሯታል። ባገራችን ደግሞ ማክበር አንድ መልክ አለው፤ ራስን ነቅነቅ አድርጎ እሺ ማለት ነው። እሺ ይበልጣል ከሺ እየተባለ ያደገ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ፊት ተቀምጦ አልገባኝም አይልም። የተማረችን ልጅ ማሳፈር ይመስለዋል። እና ሣባ ታስረዳለች፣ ደንበኛው እሺ ይላል፣ ይለያያሉ። እሷ አስረዳሁ ብላ፣ እሱ አከበርኩ ብሎ።

ይኸው አመል በራሷም ኑሮ ገብቶባታል። እናትና አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። ወንድሟ ሐዱሽ ከመቀሌ በወር አንዴ ደውሎ «ሰው አገኘሽ ወይ፣ እንዴት ነሽ?» ሲላት፣ «ካሪየሬ ላይ ፎከስ አድርጌ ነው፣ ቢዚ ነኝ» ትለዋለች። እሱም እሺ ይላል። ከሥራ ወጥታ ከአትላስ ጀርባ ወደተከራየቻት አንድ ክፍል ስትገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች፤ የቁልፉ ድምፅ እስከ ጠዋት ድረስ በቤቷ ውስጥ የሚሰማ የመጨረሻው ድምፅ ነው። ቢዚ ነኝ የምትለው ይህንን ነው። በደንበኛው ቋንቋ ብቸኝነት ይባላል።

አባ ጀቤሳ ወደ እሷ የመጡት በየካቲት ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው የሚይዙ ሰው ናቸው። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ከጫልቱ ጋር ይኖራሉ። ሕንጻው የቆመበት መሬት ዱሮ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት የነበረ ነው። በገዛ እርሻው ላይ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የሚኖር ገበሬ ካያችሁ እሳቸው ናቸው።

በምርመራው ጊዜ የልጅ ልጃቸው ፌናን ይዛቸው መጥታ ነበር። መሣሪያውን በተቀበሉበት ቀን ግን ብቻቸውን መጡ። ሣባ ከቅጹ ላይ እያነበበች «መሣሪያውን በዋናነት ለምን ይፈልጉታል?» አለቻቸው። አባ ጀቤሳ ይህን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ደስ አላቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

በመንደራቸው መራቂ ናቸው። ሰርግ ሲሆን፣ ሽምግልና ሲያልቅ፣ ዝናብ ሲጠፋ ቆመው የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ምርቃት ደግሞ ብቻውን አይሮጥም። መራቂው አንድ ሐረግ ይላል፤ ሕዝቡ «ሀ ተኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው፤ ያንን ሰምቶ ነው መራቂው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ያልተመለሰለት ምርቃት መሬት ላይ የወደቀ ዘር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ሕዝቡ ሀ ተኡ ብሎ ጨርሶ እሳቸው አልሰሙም፤ ገና ይመልሳሉ ብለው ዝም ብለው ቆሙ። ቆሙ። ልጆች ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመረቁም። «አሁን ግን በግንቦት ፌናን ታገባለች» አሉ። «እጄ ላይ ያደገች ናት። እሷን ሳልመርቅ ብሞት መቃብር ውስጥም እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሣባ ሰማች። የሰማችውንም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ቅጹ የሚቀበለው አንድ ቃል ስለሆነ «ሶሻል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ መሣሪያውን ጆሯቸው ውስጥ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። «እስከ ቀጠሮዎ ድረስ አክላማታይዜሽን ፔሬድ ላይ ነዎት አባ። ሃይ ኖይዝ ዲስኮምፈርት ስለሚፈጥር ሎው ኖይዝ ኢንቫይሮመንት እንመክራለን።»

«እሺ ልጄ» አሉ አባ ጀቤሳ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጸጥ ያለ ቦታ ማለትሽ ነው?» አሏት።

ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ «ትክክል፣ ጸጥ ያለ ቦታ። እስከ ቀጠሮዎ» አለች። ማተሚያው የቀጠሮ ካርዱን አወጣላት፤ ሰጠቻቸው። ካርዱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጎነበሱና ወጡ።

በቀጠሮው ቀን አልመጡም። ሦስት ጊዜ ደወለች። ስልክ የማይሰማ ሰው ዘንድ ስልክ መደወል የሙያው ደንብ ነው፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ከሦስተኛው በኋላ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ዘጋው፤ እሷም ረሳቻቸው።

በሰኔ አጋማሽ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ባጠቆረበት ቀን፣ አንዲት አምሳ የሆናት ሴት እርጥብ ነጠላዋን እያራገፈች ገባች። ጫልቱ ነበረች። አልተቀመጠችም።

«አባቴን ምን ብለሽ ነው የላክሽብኝ?» አለች።

ሣባ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ገና አልተረዳችም። ጫልቱ ቀጠለች። «ከየካቲት ጀምሮ ከቤት አልወጣም። ሰንበቴ ቀረ፣ እድር ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። የማንኪያ ድምፅ አለ ብሎ ከኛ ጋር አይበላም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ዘጋው። ስንጠይቀው ሐኪሟ ከልክላኛለች ነው የሚለው። ሰርግ የሚከለክል ምን ዓይነት ሐኪም ነው?»

«ሰርጉ...» አለች ሣባ።

«ግንቦት ላይ አለፈ። ድንኳኑ ከመስኮቱ ሥር ነበር የተተከለው። እሱ ፎቅ ላይ ቁጭ እንዳለ በሱ ፈንታ ሌላ ሰው መረቃት። ፌናን ባሌን ስላልወደደው ነው ብላ ይኸው ሦስት ሳምንቷ፣ አላናገረችውም። እኔም ሰበብ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ሰው ለሰበብ ይሄን ያህል አይታሠርም።» ከቦርሳዋ የቀጠሮ ካርዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እሱ እስከ ህዳር ሚካኤል ነው ይላል። እስኪ አንብቢልኝ፣ የቱ ላይ ነው ይህን የጻፍሽው?»

ሣባ ካርዱን አየችው። 12/03 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚያትመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ማርች አሥራ ሁለት፣ በኛ መጋቢት ሦስት ማለት ነው፤ መሣሪያው በተሰጣቸው በሁለተኛው ሳምንት። አባ ጀቤሳ ግን እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው ወራቱን ከመስከረም ቆጠሩ። ሦስተኛው ወር ህዳር ነው። ህዳር አሥራ ሁለት ደግሞ ሚካኤል ነው። ቀጠሮዬ በታቦቱ ቀን ዋለ ብለው ሳይደሰቱ አልቀሩም። ሁለት ሳምንት ብላ የሰጠቻቸውን ዘጠኝ ወር አድርገው ተቀበሉ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ብላለችና ጸጥ ያለ ቦታ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉ ንግግሯ የገባቸው ያችው አንዷ ነበረች። የገባቻቸውን ደግሞ አንድም ሳያጎድሉ ፈጸሙ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ሣባ ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች። አቶ ተስፉ ከቢሯቸው ብቅ ብለው «ወዴት ነው? የአራት ሰዓቷ ደንበኛ እየመጣች ነው እኮ» አሉ።

«ያጠፋሁት ነገር አለ» አለቻቸው። አቶ ተስፉ ከአፏ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ቃል ሰምተው አያውቁም።

በታክሲ ወደ ቡልቡላ ሄዱ። ሣባ ካርዱን በእጇ እንደያዘች ነበር። ጫልቱ አንዴ ብቻ ዘወር ብላ አየቻትና «ቁርስ በልተሻል?» አለቻት። ሣባ አዎ አለች፤ አልበላችም ነበር።

አራተኛ ፎቅ ላይ ጫልቱ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ሣባም አወለቀች። ቤቱ ውስጥ የሚሄዱት በካልሲ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። የአባ ጀቤሳን ክፍል በር ሲከፍቱ ማጠፊያው እንዳይጮህ ዘይት ተቀብቶ ነበር። መስኮቱ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ተወጥሯል፤ ጠርዝ ጠርዙን ጥጥ ተወትፏል። አባ ጀቤሳ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ጆሯቸው ውስጥ ናቸው። ከስተዋል።

ሲያዩዋት ተነሡ። ፊታቸው በራ። «መጣሽ? ገና ህዳር አልደረሰም እኮ» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ጆሯቸውን አሳዩዋት፤ የተሰጠውን አደራ እንደሚያስረክብ ሰው። «አየሽ፣ አንድ ቀን አላበላሸሁትም። ድምፅ አላስነካሁትም። በሬ ቀንበር ሲያለምዱት ገበያ ይዘውት አይወጡም፤ ዳር ወስደው ነው የሚያለምዱት። ይሄም እንደዚያው ነው ብዬ ገባኝ።»

«ምን ይሰማሉ እዚህ?» አለች ሣባ።

አባ ጀቤሳ አሰቡ። «የፍሪጁን ትንፋሽ እሰማለሁ። ምራቄን ስውጥ እሰማለሁ። ሌላ የሚሰማ የለም» አሉ።

ሣባ የሚሰማ የለም ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያን ቤት እሷም ትኖርበታለች፤ የሷ አትላስ ጀርባ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ፊታቸውን እንድታይ፣ እሳቸውም አፏን እንዲያዩ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የሚያስረዳ ቃል ስትፈልግ የመጡላት ቃላት ሁሉ ከሕንድ ይዛቸው የመጣቻቸው ነበሩ። አንድ በአንድ ተወቻቸው። የቀረላት እናቷ ያስተማረቻት ዓይነት ቃል ብቻ ሆነ።

«አባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እሺ ልጄ» አሉ ወዲያው።

«እሺ አይበሉኝ። ስነግርዎት ያልገባዎት ካለ ያስቁሙኝ። ቀጠሮዎ ህዳር አልነበረም። ካርዱ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው። በኛ መጋቢት ሦስት ነበር። ጸጥ ባለ ቦታ ይሁኑ ያልኩዎት ለሁለት ሳምንት ነው። እሱንም ቢሆን ድምፅ መጀመሪያ ላይ ጆሮዎን እንዳያስጨንቀው ብዬ ነው እንጂ መሣሪያው በድምፅ አይበላሽም። የተሠራው ሰው መሃል እንዲገቡበት ነው።» እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «አሁን ያልኩትን እርስዎ ይንገሩኝ።»

አባ ጀቤሳ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ግንቦት ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ሰርጉ ግንቦት ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«መሄድ እችል ነበር?»

የምትሸሸግበት አንድም ቃል አልነበራትም። «ይችሉ ነበር» አለች።

ጫልቱ በሩ ላይ እንደቆመች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ ጀቤሳ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ለሣባ ይቀላት ነበር። መስኮቱን የሸፈነውን ብርድ ልብስ ለብዙ ጊዜ አዩት። ድንኳኑ ከሥሩ ተተክሎ በነበረበት ቀን እንዴት አድርገው እንደተቀመጡ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

«ክፈቺው» አሉ በመጨረሻ።

ሣባ ተነሥታ ጥጡን ነቀለች፤ ብርድ ልብሱን አወረደች፤ መስኮቱን ከፈተች። ቡልቡላ እንዳለ ገባ። ልጆች ከሕንጻው ሥር ይጯጯሃሉ፤ አንዱ ቤት በርበሬ ይወቀጣል፤ ከአየር ማረፊያው የተነሣ አውሮፕላን ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። አባ ጀቤሳ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ከጨለማ ቤት ወደ ፀሐይ ሲወጡ ዓይንዎ ይጭበረበራል አይደል? እንደዚያ ነው። ትንሽ ይታገሡት» አለች ሣባ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ብዙ ቆይተው «ይሄ ሁሉ እዚሁ ነበር?» አሉ።

ከዚያ ፌናን ዘንድ ተደወለ። ፌናን ከባሏ ጋር ሲኤምሲ ነው የምትኖረው። ጫልቱ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ለሣባ ሰጠቻት።

«ሰበብ አትፈልጉለት» አለች ፌናን፣ ሣባ ማን እንደሆነች ገና ስትነግራት። «ባሌን አልወደደውም፤ አለቀ። ምነው ሰው ሁሉ ያስረዳኛል?»

«እኔ አላስረዳም። ያደረግኩትን ልነግርሽ ነው» አለች ሣባ። ነገረቻትም፤ ካርዱን፣ ቀኑን፣ ጸጥ ያለውን ቦታ። በአጭሩ ነበር፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ለአቶ ተስፉ ደንበኞች እንዲህ ተናግራ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

«አራት ወር ሙሉ እንዴት አንዴ አይጠይቅሽም?» አለች ፌናን። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«ስላከበሩኝ ነው» አለች ሣባ።

አባ ጀቤሳ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን አልተቀበሉም፤ አልጋው ላይ እንድታኖረው አመለከቷትና ከዘራቸውን ይዘው ተነሥተው ቆሙ። ምርቃት በቁም ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በኦሮምኛ፣ ጫልቱም ለሣባ ብላ በሹክሹክታ ወደ አማርኛ እየተረጎመችው፣ «ያገኛችሁትን ይባርክላችሁ» አሉ።

ቆሙ። ከስልኩ መልስ አልመጣም። ጫልቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ በእጃቸው ከለከሏት። አንቺ አይደለሽም ማለታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ቆመው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የተባለውን አልሰሙም። አሁን ያልተባለውን እየሰሙ ነው። ሣባ መሬት መሬት አየች።

«ሀ ተኡ፣ አካኮ» አለች ፌናን እያለቀሰች። አያቴ ማለቷ ነው።

አባ ጀቤሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰምተዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። ሀ ተኡ አለ ስልኩ። «እሳታችሁ አይጥፋ።» ሀ ተኡ። «በራችሁ እንግዳ አይጣ።» ሦስት መቶ ሰው ድንኳን ሙሉ ሆኖ ሊመልሰው የነበረውን አንዲት ሴት በስልክ መለሰችው። ተመለሰ ግን፤ አንዱም መሬት አልወደቀም። ሲጨርሱ ቅዳሜ እመጣለሁ አለችና ዘጋች።

ሣባ ቦርሳዋን አነሣች። የአራት ሰዓቷን ደንበኛ አሰበች፤ ቤቷን አሰበች፤ ከሁለቱ አንዱም አላስቸኮላትም። አባ ጀቤሳ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«አንቺንም ልመርቅሽ» አሉ። «እኛ ሰውን ብቻውን አንመርቅም፤ ከነቤተሰቡ ነው። ቤት ማን አለሽ?»

«ሥራ ይበዛል አባ፣ እኔ አሁን ካሪየሬ...» ብላ ጀመረች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ታች ልጆቹ ይጮሃሉ፤ የበርበሬው ሙቀጫ አላረፈም። አባ ጀቤሳ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፤ ሕዝብ እስኪመልስላቸው እንደሚጠብቁት። ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

«ማንም የለኝም» አለች። በጣም ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። በዚያ ጫጫታ ውስጥ መሣሪያው ይህን ያህል ትንሽ ድምፅ እንደማያነሣ ከማንም የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ምን አልሽ ይሉኛል፣ ያኔ ሌላ ነገር እላለሁ ብላ ነበር።

አባ ጀቤሳ ግን አፏን ሲያዩ ነበር፤ ምን አልሽ አላሏትም። ከዘራቸውን አስቀምጠው አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ጫልቱ፣ ይቺ ልጅ ቁርስ አልበላችም» አሉ።